እትዬ አፍንጫ እና ሽታ የሌለው ጋዝ

ስሙ የወጣላት ገና በወጣትነቷ፣ በአጎቷ የቡታጋዝ መጠገኛ ሱቅ ውስጥ ሥራ በጀመረችበት ሰሞን ነበር። አጎትየው ሲሊንደር ተሸክሞ፣ እሷ የመፍቻዎቹን ቦርሳ አንጠልጥላ የአንድ ፎቅ ደረጃ ሲወጡ ድንገት ቀጥ አለች።

«እዚህ ጋ ጋዝ ይሸታል» አለች።

«ታዲያ ትከሻዬ ላይ ያለው ምን መሰለሽ?» አለ አጎትየው እያለከለከ።

«ያንተ አይደለም ጋሼ። ከዚህ በር ነው የሚወጣው።»

በሩን አንኳኳች። የከፈተችላቸው ሴት በአንድ እጇ ድስት፣ በሌላው ክብሪት ይዛለች። ልጅቷ ሰላምታውን ትታ ክብሪቱን ቀማቻት። ሴትዮዋ ሌባ ብላ ሰፈሩን በጩኸት ልታቀልጠው ስትል አጎትየው ዘሎ ገባና ሲሊንደሩን ዘጋ፤ መስኮቱንም በረገደው። ከቁም ሳጥኑ ሥር ጎማውን ስቦ ሲያወጣው አይጥ ቦጭቃዋለች። ሴትዮዋ ክብሪቱን አየች፣ ጎማውን አየች፣ ከዚያ ወለሉ ላይ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠች። ለካ ጉንፋን ይዟት ኖሮ ምንም አልሸተታትም።

ከዚያ ቀን በኋላ «ያቺን አፍንጫዋን ላክልን» እያሉ አጎቷን የሚጠሩት በዙ። ዕድሜዋ ገፋ ሲል «እትዬ» ተጨመረበትና እትዬ አፍንጫ ሆና ቀረች። አልከፋትም። «ሰው በምላሱ ስም ይወጣለት የለ? የኔ ምን አላት!» ትል ነበር።

አጎትየው ሥራውን ሲተው ሱቁን ለእሷ ተወላት። ጠባብ ናት፤ ግድግዳዋ ላይ ጎማዎች እንደ እባብ ተጠምጥመው ተሰቅለዋል፤ ጠረጴዛዋ ላይ የተፈታታ የምድጃ ራስ አይጠፋም። ደንበኞቿ ደውለው «እትዬ፣ ቤቱ እንዲህ እንዲህ ይሸታል» ሲሏት መልሷ ሁልጊዜ አንድ ነው። «መብራት እንዳታበሩ። የበራውንም እንዳታጠፉ፣ ማብሪያ ማጥፊያው የእሳት ብልጭታ ይተፋል። ሲሊንደሩን ዝጉ፣ መስኮት ክፈቱ፣ ሁላችሁም ውጡ። ወሬውን ውጭ ቆመን እናወራዋለን።» ስትደርስ እንደ ድመት ወደ ወለሉ ዝቅ ብላ ታሸታለች፤ የቡታጋዝ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ መሬት መሬቱን ነውና የሚሄደው። ከዚያ የሳሙና ውኃ በብሩሽ አረፋ አድርጋ መገጣጠሚያዎቹን ትቀባለች። የሚያፈስበት ቦታ አረፋው ጉንጩን ይነፋል። «አያችሁት? ራሱ ተናገረ» ትላለች፤ ያን ጊዜ ፊቷ የሕፃን ፊት ይመስላል።

ባለቤቷ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበር፤ አሁን ጡረታ ወጥቶ ቤት ውሎ ጭንቅ ይለዋል። መሪ የለመደ እጁ ስለማያርፍ ወጥ ቤቱን ተረክቦታል። ሲሠራ ግን ጎረቤት ካገኘ ወሬ ይጥለዋል። አንድ የክረምት ከሰዓት ሽንኩርት ጥዶ፣ በረንዳ ላይ ከጎረቤቱ ጋር ስለ ድሮ መንገዶች ወሬ ይዞ ቆየ። እትዬ አፍንጫ ሳምንቱን ሙሉ ጉንፋን ሲደቁሳት ሰንብቶ ገና መነሳቷ ነበር። ለወጥ ቤቱ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ጠረጴዛው ላይ የምድጃ ራስ በመርፌ እየጠረገች ታንጎራጉራለች። ባልየው ሲገባ ቤቱ በጭስ ታፍኗል፤ ሽንኩርቱ ከሰል ሆኗል።

«አንቺ ሴትዮ! ቤቱ እየተቃጠለ ትዘፍኛለሽ?»

«የምን መቃጠል?» አለች ዞር ብላ። ጭሱን በዓይኗ አየችው። እጇ ላይ ያለው መርፌ ወደቀ።

ባልየው መስኮቱን ከፍቶ ድስቱን ወደ ውጭ አውጥቶ ሲመለስ፣ ሚስቱ ሎሚ ቆርጣ አፍንጫዋ ሥር ይዛለች። ቀጥሎ ሳሙና አነሳች። ቀጥሎ ነጭ ሽንኩርት። በመጨረሻ ጎንበስ አለችና የእሱን ካልሲ ከጫማው ውስጥ መዘዘች።

«ተይ እንጂ!» አለ ባልየው።

«ይሄ ካልሸተተኝ» አለች ቀስ ብላ «በቃ ሄዷል ማለት ነው።» ሳቀች፤ ሳቁ ግን መሀል ላይ ተሰበረ።

ሐኪሟ ጥሩ ሰው ነበረች። ጉንፋን አንዳንዴ እንዲህ እንደሚያደርግ፣ ሊመለስም ላይመለስም እንደሚችል፣ ጊዜ መስጠት እንደሚሻል ሳትቸኩል አስረዳቻት። እትዬ አፍንጫ አመስግና ወጣች፤ መንገድ ላይ ግን ሆድ ባሳት። ዳቦ ቤቱን አልፋ ሄደች፣ ዳቦ ቤት መሆኑን ያወቀችው በሰልፉ ነው። ዓለም በመስታወት ውስጥ የተቀመጠች መሰላት።

ለሰው አልተናገረችም። ሱቁን ለመዝጋትም አሰበች። ባልየው ይህን በሰማ በማግስቱ ከዕቃ መሸጫ ሱቅ መዳፍ የምታክል፣ ጋዝ ሲኖር የምትጮህ መሣሪያ ይዞ መጣ።

«እንኪ። አፍንጫ ገዛሁልሽ።»

ገልበጥ አድርጋ አየችው። «ይሄ? ይሄ ነው ከእኔ አፍንጫ የሚተካው?»

«አይተካም። ግን ጉንፋን አይዘውም።»

ተቀየመችው፤ መሣሪያውን ከመሳቢያ ውስጥ ጣለችው። ለጥቂት ጊዜ በሳሙናው ብቻ ሠራች። ሳሙና ግን የጠረጠሩት ቦታ ላይ ነው የሚናገረው፤ የትኛው ቤት፣ የትኛው ጥግ እንደሆነ የሚመራት አፍንጫዋ ነበር። አንድ ቀን አንዲት ደንበኛ ወጥ ቤቷ መሀል አቁማት «እስኪ እትዬ፣ እርስዎ አይሸትዎትም?» ስትላት መልስ አጣች። ሴትዮዋ እንደማይሸት ቆጥራው ተረጋግታ ፈገግ አለች። ያ ፈገግታ እትዬ አፍንጫን አስደነገጣት። ቤቱን ከሥር እስከ ጣሪያ በአረፋ ቀብታ ምንም እንደሌለ ካረጋገጠች በኋላ በቀጥታ ወደ ሱቋ ተመለሰችና መሳቢያውን ከፈተች።

ከባሏ ጋር አብረው መመሪያውን አነበቡ። እሱ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ጮክ ብሎ ያነባል፣ እሷ ቁልፎቹን ትነካካለች።

«ሁለት ነገር ይሰማል ይላል» አለ። «አንዱ የምድጃው ጋዝ ነው። ሌላው ካርቦን ሞኖክሳይድ።»

«እሱን አውቀዋለሁ» አለች። «ቤት ዘግተው ከሰል አቀጣጥለው የሚሞቁ ሰዎችን የሚገድለው ነው። እሳት አየር አጥሮት በደንብ ሳይነድ ሲቀር የሚወጣ። ጭሱ ሌላ፣ እሱ ሌላ። አይታይም።»

«ሽታውስ?»

«ምንም የለውም። የምድጃውም ጋዝ በራሱ እኮ ሽታ የለውም፤ እንድንነቃ ብለው ያንን ግማት የሚጨምሩበት ፋብሪካ ላይ ነው። ለዚህኛው ግን ማንም አይጨምርለትም።» ብላ ወደ ሌላ ወሬ አለፈች።

መሣሪያውን በቦርሳዋ ማንገቻ ላይ አሠረችው። መጀመሪያ አካባቢ እንደ ባዕድ ዕቃ ነበር የምታየው፤ ውሎ አድሮ «እስኪ ተናገር» እያለች ታወራው ጀመር።

አንዲት ልጅ አለቻቸው። ባለፈው ዓመት አግብታ፣ መንገድ ዳር ካለ ላውንደሪ በላይ አንደኛ ፎቅ ላይ ቤት ተከራይታለች። ልብስ ሰፊ ናት። ሳሎኗ ውስጥ መስፊያ መኪናዋን ተክላ፣ ጨርቅና የወረቀት ቅድ ዘርግታ ስትሰፋ ትውላለች። ንፋስ ወረቀቱን እንዳይበትንባት መስኮቶቹን ዘግታ ክፍተታቸውን በቁራጭ ጨርቅ ጠቅጥቃዋለች። ባሏ ማተሚያ ቤት ነው የሚሠራው፤ ማታ ሲገባ «ይሄ ቤት እንዴት ነው የታፈነው!» ብሎ ሁሉንም ይከፍታል።

ከጥቂት ሳምንታት ወዲህ ልጅቷን ራስ ምታት ይዟታል። ከሰዓት በኋላ ያጥወለውላታል፤ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላታል፤ ማታ ባሏ መስኮት ሲከፍት ሻል ይላታል፤ አንዴም እጅጌ ገልብጣ ሰፍታ የደንበኛ ቀሚስ አበላሸች። ይህን የሰማች አማቷ፣ የባሏ እናት፣ ሌላ ነገር አልጠረጠረችም። ዓይኗ እያበራ ክርና ኪሮሽ ገዛችና የሕፃን ካልሲ መሥራት ጀመረች።

«እማዬ፣ እርጉዝ አይደለሁም ብዬ ማልኩላቸው እኮ» አለች ልጅቷ ለእናቷ በስልክ። «አሁን ኮፍያው ላይ ደርሰዋል።»

እሑድ እሑድ ልጅቷና ባሏ እናትና አባቷ ዘንድ ይመጣሉ። እሑድ ደግሞ ልጅቷ ምንም አይላትም፤ ትበላለች፣ ትስቃለች፣ ከአባቷ ጋር ካርታ ትጫወታለች። እናትየዋ ግንባሯን ነክታ «ከመስፋት ብዛት ነው፤ ዓይንሽን ታይው» ብላ ሸኘቻት። ሐሳቡ ግን ከነከናት። ሥራ የሚበዛበት ሰው እኮ እሑድ ጧት ገና ድካሙ አይለቀውም።

ሐሙስ ከሰዓት ልጅቷ ደወለች። ድምፅዋ ከሩቅ ይመጣል። «እማዬ… ዛሬስ ብሶብኛል። ተነሥቼ መቆም አቃተኝ።»

እትዬ አፍንጫ በዚያው ሰፈር ምድጃ እያደሰች ነበር። ቦርሳዋን አንጠልጥላ ሮጠች ማለት ይቻላል፤ ጉልበቷ ቢያማትም። በሩ አልተቆለፈም። ገፋ አድርጋ ስትገባ ልጇ ሶፋ ላይ ተጋድማለች፤ መኪናው ላይ ያላለቀ ቀሚስ ተንጠልጥሏል። «ልጄን!» ልትል አፏን ስትከፍት፣ ከጎኗ መሣሪያው አንድ ጊዜ ጮኸ። ቀጠለ። ከዚያ አላቆመም።

«ምንድን ነው እሱ? ስልክሽ ነው?» አለች ልጅቷ ዓይኗን ሳትገልጥ።

እናትየዋ የመሣሪያውን መስታወት አየች። የበራው የምድጃው ጋዝ ምልክት አይደለም፤ ሌላኛው ነው።

«ተነሺ።»

«የሚነድ ነገር የለም እኮ ቤቴ ውስጥ። ምድጃዬ በኤሌክትሪክ ነው። ተበላሽቶ ይሆናል።»

«ይበላሽ። ተነሺ አልኩሽ!»

ለአፍታ እሷም ተጠራጠረች፤ ልጅቷ እውነቷን ነው፣ እሳት የለም። ባልየው የገዛው ዕቃ ሊዋሽ ይችላል። ግን እሑድ ደህና መሆኗ፣ ማታ ባሏ መስኮት ሲከፍት ሻል የሚላት መሆኑ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ አእምሮዋ ውስጥ ተደረደረ። ልጇን በብብቷ ይዛ አነሣቻት። ልጅቷ እናቷን በቁመት ትበልጣታለች፤ እንደ ሰከረ ሰው እየተንገዳገዱ ደረጃውን ወርደው ውጭ፣ የመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ አስቀመጠቻት። ንፋሱ ሲመታት ልጅቷ ረጅም ትንፋሽ ሳበችና ማልቀስ ጀመረች።

አንድ መንገደኛ ቆሞ ሲያያቸው እትዬ አፍንጫ «ወንድሜ፣ በሞትኩት፣ እሳት አደጋና አምቡላንስ ጥራልን። ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው በላቸው» አለችው። ሰውየው ስልኩን እየነካካ «ምንም እኮ አይሸትም» አለ።

«ለማንም አይሸትም» አለች። ይህን ስትል ራሷ የተናገረችውን እንደ አዲስ ሰማችው። ለማንም።

ቀና ብላ ሕንፃውን አየች። ከልጇ ቤት ሥር ያለው ላውንደሪ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ከውስጥ የፈላ ውኃ እንፋሎት ይወጣል። እሑድ ዝግ ነው። ማታም ዝግ ነው።

መሣሪያውን ከቦርሳው ፈትታ ያዘችና እስከ ደፉ ቀረበች። ባለ ላውንደሪው፣ ወፍራምና ቁጡ ላጤ፣ የካውያ ጠረጴዛው አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይዟል።

«ጋሼ፣ የውኃ ማፍያውን ቦይለር አጥፍተው ይውጡ።»

«ማን ነሽ አንቺ?»

«ፎቅ ላይ ያለችው ልጅ እናት ነኝ። ራስዎን ያምዎታል?»

«ራስ ምታት የሌለው ላውንደሪ የት አለ?» አለ እየተቆጣ። «የሰው ሸሚዝ ስተኩስ ነው የምውለው።»

«ከመቼ ወዲህ ነው?»

ሰውየው መልስ ሊሰጥ አፉን ከፈተና አሰበበት። መሣሪያው በእሷ እጅ ላይ መጮህ ጀመረ። ቁጣው ከፊቱ ላይ ጠፋ። ተነሥቶ በግድግዳው ላይ ያለውን በጋዝ የሚነድ ቦይለር አጠፋ፤ ሲወጣ እግሩ ከዳው፤ እትዬ አፍንጫ ክንዱን ይዛ አውጥታ ከልጇ አጠገብ አስቀመጠችው። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲታዩ ከአንድ ሠርግ ጠጥተው የወጡ ይመስሉ ነበር።

የእሳት አደጋ ሰዎች ሲመጡ የላይኞቹን ቤቶች በሙሉ አንኳኩተው ሰው አስወጡ። በራሳቸው መሣሪያ ለኩ። የልጅቷ መታጠቢያ ቤት ውስጥ፣ አየር ማስወጫዋ አጠገብ ሲደርሱ ቁጥሩ ሽቅብ ወጣ። ነገሩ ቀላል ነበር፤ የቦይለሩ የጭስ ቱቦ ግድግዳው ውስጥ መገጣጠሚያው ላይ ተላቅቋል። ወደ ጣሪያ መውጣት የነበረበት ጋዝ ወደ መታጠቢያ ቤቶቹ የአየር መንገድ ይገባና ከሁሉ አስቀድሞ ልጅቷ ቤት ይደርሳል። ታች በሩ ክፍት ስለሚውል ሰውየው ትንሽ ተረፈ። ላይ ግን መስኮቱ ተጠቅጥቋል።

ሆስፒታል ውስጥ ልጅቷ ኦክስጅን ተደርጎላት ተኛች። ባለ ላውንደሪውም መጋረጃው ወዲያ ተኝቶ «ይሄን ጭንብል ቁርስም እራትም አድርጉልኝ፤ ጭንቅላቴ እንደ አዲስ ተከፈተ» ሲል ይሰማል። ባሏ ከማተሚያ ቤት እጁ ቀለም እንደሆነ ሮጦ ደረሰና የሚስቱን እጅ ይዞ አልለቅ አለ። አማቷ ደግሞ ኮሪደሩ ላይ ነርሷን ይዛ «እና… ሌላ ነገር የለም?» ስትል ተሰማች።

«ሌላ ነገር የለም እናቴ። ግን በጣም ደህና ናት» አለቻት ነርሷ።

አማትየው «እሱ ይበልጣል» አለች። ወደ ክፍሉ ገብታ ምራቷን ግንባሯ ላይ ሳመቻት።

እትዬ አፍንጫ መስኮቱ አጠገብ ቆማ ነበር። ባሏ መጥቶ ጎኗ ቆመ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ግን የሐዘን አይደለም።

«እኔ እኮ» አለችው «አፍንጫዬ ቢኖር ኖሮ እያልኩ ስንት ቀን አለቀስኩ። ቢኖርም ምንም አያደርግልኝም ነበር። ያን ጊዜ፣ በደህናው አፍንጫዬ ብገባ ኖሮ ምን እል ነበር መሰለህ? ‹ቤትሽ ደህና ነው፤ ምንም አይሸትም› ብያት ሻይ አፍልቼላት እወጣ ነበር።»

«ታዲያ ያቺን ዕቃ መሳቢያ ውስጥ የከተታት ማን ነበር?»

«አፍንጫህን ላስ» አለችውና ትከሻው ላይ ተደገፈች።

ልጅቷ በማግስቱ ከሆስፒታል ወጣች፤ ለጥቂት ቀናት እናቷ ቤት ሰነበተች። ባለ ላውንደሪው ቦይለሩን ከሕንፃው ውጭ፣ ጓሮ በተሠራለት ቤት ውስጥ አስተከለ፤ የተላቀቀውን ቱቦ ባለሙያ መጥቶ አውጥቶ ቀዳዳውን እስኪደፍነው ድረስ ሱቁን አልከፈተም። በሕንፃው ውስጥ ያሉትም ቤታቸው ጋዝ ሲኖር የሚጮህ ማስጠንቀቂያ ሰቀሉ። ሰቃይዋ እትዬ አፍንጫ ናት። የቡታጋዙን ወደ ወለሉ ዝቅ አድርጋ፣ የካርቦን ሞኖክሳይዱን ሰው ከሚተኛበት ክፍል አጠገብ፣ መመሪያው በሚለው ከፍታ ታደርገዋለች። ከዚያ የቤቱ ባለቤት ራሱ የመሞከሪያውን ቁልፍ እንዲጫን ታደርጋለች። ሲጮህ ሕፃናቱ ጆሯቸውን ይይዛሉ፣ እሷ ትስቃለች። «ይሄን ድምፅ ለምዳችሁ አትናቁት። ሲጮህ ባትሪውን አታውጡ፣ እናንተ ውጡ።» አንዲት አሮጊት «ልጄ፣ መስኮቴን ሁልጊዜ ክፍት ባደርግስ?» ብላ ጠየቀቻት። «ክፍት ያድርጉ እማማ፤ ግን ማንደጃውን ቤት ውስጥ አያስገቡት፤ መስኮት ብቻውን አያድንም» አለቻት። አሮጊቷ ማንደጃዋን ወደ በረንዳ ስታወጣ እትዬ አፍንጫ አንዱን እጀታ ይዛ አገዘቻት።

የማሽተት አቅሟ እየተመለሰ ነው፤ ግን እንደ ድሮው አይደለም። ሎሚ ይሸታታል፤ የተቃጠለ ሽንኩርትም ይሸታታል፤ ዳቦ ገና ነው። ስለ እሱ መጠየቅ ትታለች። ሱቋ ውስጥ አሁን የማስጠንቀቂያዎች መደርደሪያ አለ፤ ደንበኛ ሲገባ ስለ ምድጃው ከማውራቷ በፊት «ቤት ውስጥ ራሱን የሚያመው አለ? ሁላችሁንም በአንድ ጊዜ ያማችኋል? ውጭ ስትወጡ ይሻላችኋል?» ትላለች። አንዳንዱ ሐኪም መስላው ግራ ይጋባል።

ባለ ላውንደሪው ከዚያ ወዲህ የእትዬ አፍንጫን ባል ሸሚዞች ሌላ ሰው እንዲነካቸው አይፈቅድም። ባለፈው እሑድ ልጅቷና ባሏ ለምሳ ሲመጡ አባቷ ጠረጴዛው ራስ ላይ አንገቱን ቀጥ አድርጎ ተቀምጧል። ኮሌታው በስታርች ደርቆ እንደ ካርቶን ሆኗል። ልጅቷ ከቀኙ ስታናግረው መላ አካሉን አዙሮ ነው የሚያያት።

«አባዬ፣ አውቶቡስ እያዞርክ ነው?» አለችው።

«ሰውየው ስታርች ላይ እጁ አይቆጠብም» አለ አባትየው በኩራት። «ተይ አትሳቂ። ንፁሕ ሸሚዝ ነው።»

እትዬ አፍንጫ ሳህን እያቀበለች ሳቀች፤ ልጅቷ ሳቀች፤ አማቹም ቀለም የማይለቀው እጁን አፉ ላይ አድርጎ ሳቀ። አባትየው ሊቆጣ አስቦ ወደ ሚስቱ ሊዞር ሲል ኮሌታው አልዞር አለው፤ ተስፋ ቆርጦ እሱም ሳቀ፤ ከዚያ እንጀራውን ቆረሰ።